ሰው የማይሞትበት ደንብ ፍለጋ

እኔ አንድ ነገር ከያዝኩ አልለቅም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እናቴ ስትቆጣኝም ስታሞግሰኝም የምትናገረው ይህንኑ ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በድምጿ ብቻ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የልብስ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ የሸሚዝ ስፌት እየጎተትኩ፣ ይሄ ይለፍ፣ ይሄ ይመለስ ስል እውላለሁ። እንዲህ ቆሞ የሚውል ሰው እሁድ ሲመጣ እግሩን ሰቅሎ መተኛት ነበረበት። እኔ ግን እሁድ እሁድ ዘንዶ አሳድዳለሁ።

አትሳቁ፣ ጨዋታ ነው። አራት ሆነን ጠረጴዛ እንከባለን። ሦስቱ እያንዳንዳቸው በምናባቸው አንድ ሰው ይፈጥሩና ስሙን፣ ጉልበቱን፣ የያዘውን ዕቃ ወረቀት ላይ ያሰፍራሉ። አራተኛው አጫዋች ይባላል። እዚህ ጋ ወንዝ አለ፣ እዚያ ጋ ጭራቅ ቆሟል፣ ምን ታደርጋላችሁ እያለ ዓለሙን የሚተርክላቸው እሱ ነው። ያሰቡት ነገር ተሳካ አልተሳካ የሚለውን ዳይስ ይወስናል፤ የዳይሱን ትርጉም ደግሞ የደንብ መጽሐፍ ይናገራል። አጫዋቿ እኔ ነኝ። ለምን እኔ እንደሆንኩ ከጠየቃችሁ፣ መጽሐፉ የኔ ስለሆነ ነው። ልጆች ሆነንም አምበል የሚሆነው ኳስ ያለው ነበር።

የምንጫወተው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ጋሽ በቀለ በረንዳ ላይ ነው። ጋሽ በቀለ ዕድሜውን በባቡር ሥራ ላይ የጨረሰ ጡረተኛ ነው። ግቢው ውስጥ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ፣ በረንዳው ላይ ደግሞ ሲዞር የሚያቃስት ቬንትሌተር ተሰቅሏል። በድሬ የእሁድ ከሰዓት ሙቀት ሰው ወዳጁን የሚመርጠው በጥላው ነው። እሱን አንተ እያልኩ የማወራው ንቄው እንዳይመስላችሁ። አንቱታ የሚባለው ነገር ድሬ ላይ ከባቡሩ ሳይወርድ ነው ያለፈው፤ ጋሽ ማለታችን ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛዋ ሆዳን ናት፣ የሱማሌ ልጅ፣ የልብስ ነጋዴ። አፏ ከተከፈተ ግድግዳ ታግባባለች። ሦስተኛው ፉአድ ነው። የታሪኩ ባለቤት እሱ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ፉአድ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። የዛሬ ዓመት ከመንፈቅ ሽንኩርት ጭኖ ሲመጣ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። መኪናው አይሆኑ ሆኖ እሱ አንዲት ጭረት ሳይነካው ወጣ። አላህ አተረፈው ተባለ፣ በግ ታረደ፣ ሁላችንም በላን፣ አፋችንን ጠርገን ረሳነው። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠም። የወንድሙ መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ብሎን ሲቆጥር ይውላል። ለምን ተውክ ሲሉት ወገቤን ያመኛል ይላል። እንዲህ ወራት ካለፈው በኋላ ነው ወደ ጨዋታው የጎተትነው። ቡርሃን የሚባል የግመል ቅፍለት መሪ ፈጠረና ስምንት ወር ሙሉ ይዞት ዞረ። ቡርሃንን ከኛ ይልቅ ነበር የሚወደው ብል አላጋነንኩም።

ችግሩን ያመጣው ያ ወፍራሙ የደንብ መጽሐፌ ነው። ጅቡቲ ያለው የአክስቴ ልጅ የላከልኝ ሲሆን ከሦስት መቶ ገጽ ያልፋል፤ ሰው ቢመቱበት ሐኪም ቤት ያስተኛል። አብዛኛው ገጽ የሚያትተው ሰው እንዴት እንደሚሞት ነው። በሰይፍ የሞተ፣ በመርዝ የሞተ፣ ከፍ ካለ ቦታ የወደቀ፣ ለእያንዳንዱ ሰንጠረዥ አለው። ጋሽ በቀለ መጽሐፉን ሲያይ ዓይኑ በራ። ደንብ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነውና እንግሊዝኛውን በባቡር ፈረንሳይኛው እየደገፈ በሁለት ወር ሸመደደው።

እንግዲህ አንድ እሁድ እኔ፣ አእምሮዬ የት እንደሄደ እስካሁን አላውቅም፣ የቡርሃንን ቅፍለት ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ አወጣሁት። መንገዱ ተናደ አልኩ። ፉአድ ዳይስ ጣለ፣ ሁለት መጣ። ደግሞ ጣለ፣ አንድ። ጋሽ በቀለ ጣቱን በምላሱ አርሶ ገጽ ገለበጠና ገጽ መቶ አርባ ሁለት አለ። ከዚያ መነጽሩን አስተካክሎ ጨረሰው፦

«ሞቷል።»

ፉአድ እርሳሱን አስቀመጠ። እኔ ደግሞ ልብ ማለት ሲገባኝ አፌን ከፈትኩ።

«አቦ፣ ምን ሆነሃል? የወረቀት ሰው ነው እኮ። ሌላ ጻፍ።»

ወረቀቱን አራት ላይ አጠፈና ኪሱ ከተተ። ጫማውን አጠለቀ። በሩን እንኳን ሳያላጋ፣ በዝግታ ዘግቶ ሄደ። ቢያላጋው ይሻለኝ ነበር። ሆዳን በክርኗ ጎኔን ወጋችኝና፣ አንቺ ጤነኛ ነሽ፣ የት እንደተገለበጠ ረሳሽው እንዴ አለችኝ። ያኔ ነው ሙቀቱ ሁሉ ፊቴ ላይ የወጣው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

በማግስቱ ከሥራ ወጥቼ መለዋወጫ ሱቁ ሄድኩ። ይቅርታ አልኩት፤ ምንም አይደል አለኝ። ምንም አይደል ሲባል ነገሩ ብዙ እንደሆነ የማይገባው ሰው የለም። እሁድ ትመጣለህ ወይ አልኩት። እጁ ላይ የያዘውን ፍሬን ሸራ እያገላበጠ ነው የመለሰልኝ፦

«ሰው በሁለት ዳይስ የሚያልቅበት ጨዋታ አልጫወትም። ሌላ ደንብ ካገኘሽ ጥሪኝ።»

አበቃ። ለኔ ዓይነት ሰው ይህ በቂ ነው። አገኛለሁ አልኩ። ፉአድ ካልተመለሰ የሚቀረው ያ ሱቅና ያ ብሎን ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ለዚህ ምክንያት ሆኜ ሸሚዝ ሳገላብጥ መኖር አልችልም። የዚያኑ ዕለት ስልኬ ላይ ዓለም ያወቀውን የጨዋታ ደንብ ሁሉ መጫን ጀመርኩ። እንዲህ ያለ ጨዋታ አንድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰው ሥራ ፈቷል፤ የደንቡ ብዛት አያድርስ ነው። ስልኬ ሞላሁ አለኝ። የእህቴን የሠርግ ፎቶ አጠፋሁ። እህቴ ይህን እስካሁን አታውቅም፣ እባካችሁ እንዳትነግሯት።

ከዚያ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ልጁ የመጀመሪያውን ሽፋን ሲያይ ቀንድና ጅራት ያለው ነገር አፍጥጦበታል። ይሄ ነገር ሃይማኖት ነው ወይ ሲል በትህትና ጠየቀኝ። ጨዋታ ነው አልኩት። ማን ያሸንፋል አለኝ። ማንም አያሸንፍም ስለው ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ብቻ ይዞ አተመልኝ፣ ሽፋኑን ግን አላትምም ብሎ መለሰልኝ።

ጋሽ በቀለ በበኩሉ አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ ሐሳብ ሳይሆን ትእዛዝ ነበር። ደንብ ሳይሞከር አይጸድቅም፣ ባቡርም መጀመሪያ ባዶውን ነው የሚሄደው አለ። ስለዚህ በየእሁዱ አንድ ደንብ እየሞከርን ሦስታችንም የተስማማንበት ፉአድ ዘንድ እንዲሄድ ተወሰነ። ዳኮር፣ አለ ጋሽ በቀለ፣ በባቡር ፈረንሳይኛው ተስማምቻለሁ ማለቱ ነው፤ እሱ ዳኮር ካለ ነገሩ ተፈርሟል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ የኔ ብልጠት ነበር። ሞት ነው የተጠላው፣ እንግዲያው ጭራሽ ማንም የማይሞትበትን ላምጣ አልኩና አንድ ቆንጆ ደንብ አገኘሁ። ተጫዋቾቹ ሁሉ የጫካ እንስሳት ናቸው፤ ጥንቸል፣ ጃርት፣ ሽኮኮ። ጋሽ በቀለ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጠኝና፣ ይህን ሁሉ ዘመን ባቡር ሳስተላልፍ ኖሬ በስተርጅና ጥንቸል ልሁን ወይ አለ። ደግሞም ጥንቸል በኛ አይበላም አለ። አትበላም፣ ትሆናለህ እንጂ አልኩት። የማልበላውን አልሆንም ብሎ ድርቅ አለ። ሆዳን ደግሞ እነዚህ እንስሳት የሚነግዱት ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። ለውዝ እርስ በርስ ይሰጣጣሉ እንጂ አይነግዱም ስላት ወረቀቱን ገፋ አድርጋ ስልኳን አወጣች። አንድ እሁድ በዚህ ሄደ።

ሁለተኛው ሙከራ ወደ ሌላው ጫፍ ወሰደኝ። አጭር ደንብ ነው፣ ቶሎ ይነበባል፣ ሰውም ቶሎ አይሞትበትም። አንድ ነገር ብቻ አለው፤ ተጫዋች ነጥብ የሚያገኘው ጭራቅ ገድሎ ሀብቱን ሲወስድ ነው። ጥሩ አልኩ። ዋሻ አዘጋጀሁ፣ ዋሻው ውስጥ ወርቅ፣ በሩ ላይ አንድ ሆዳም ጭራቅ። የሆዳን ነጋዴና የጋሽ በቀለ ሽማግሌ ወታደር ልክ በምሳ ሰዓት ዋሻው በር ደረሱ።

ሆዳን ሰይፍ አልመዘዘችም። ሰላምታ አቀረበች። ጭራቁን እንዴት ዋልክ፣ ቤተሰብ ደህና ነው ወይ፣ የማን ልጅ ነህ አለችው። እኔ ጭራቁን ሆኜ መልስ መስጠት ነበረብኝ። የጭራቁን አባት ፈጠርኩ። የአባቱ አባት ማን ነው አለች። እሱንም ፈጠርኩ። አምስተኛው አያት ላይ ስንደርስ የሆዳን ነጋዴ ከጭራቁ ጋር በእናት በኩል ተዛመደ። ይሄ ሁሉ ሲሆን ጨዋታው አሁንም በእጄ ነበር፤ ዘመድም ይጣላል። ያበላሸሁት ከዚያ በኋላ ነው። በምሳ ሰዓት በር ላይ ሰው ቆሞ እየተመለከትኩ፣ ድሬ ተወልዶ ያደገ አፍ ምን ሊል ይችላል? በጭራቁ ወፍራም ድምፅ አመለጠኝ፦

«ምን በር ላይ ያቆማችኋል፣ ግቡና ብሉ እንጂ።»

ገቡ። በሉ። ጋሽ በቀለ እጁን በምናቡ ታጥቦ፣ በምናቡ መርቆ ተነሳ። እኔ በልቤ አሁን ወርቁን ይዘርፋሉ እያልኩ ስጠብቅ ሁለቱም ተሰናበቱ። ኧረ ወርቁስ አልኳቸው። ጋሽ በቀለ የሰደብኩት ያህል አየኝ። ቤቱ የበላንበትን ሰው እንዘርፋለን እንዴ አለ። ሆዳንም ወላሂ ነውር ነው አለች፣ ዘመድ ነው ደግሞ። ደንቡን አገላበጥኩ። ግብዣ ተቀብሎ በሰላም ለወጣ ሰው የሚሰጥ ነጥብ አልነበረም። ዜሮ ይዘው ዋሻውን ለቀው ሄዱ፣ ጭራቁም በር ድረስ ሸኛቸው። እኔ ነኝ የሸኘኋቸው።

የዚያን ዕለት ተስፋ ልቆርጥ ምንም አልቀረኝም። ነገር ግን ሆዳን ነገሩን ለፉአድ ደውላ ነግራዋለች። ሰኞ ጠዋት ማሽን መሐል ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። መልእክት ከፉአድ፣ አንድ መስመር፦ ጭራቁ ምን አበላቸው?

ያችን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት እኔ ነኝ የማውቀው። ሰውየው አኩርፏል እንጂ አልተወንም። ሩዝ በፍየል ሥጋ ብዬ መለስኩለት። ሙዝ የለውም ወይ አለ። ድሬ ውስጥ ሩዝ ያለ ሙዝ መቅረቡ ትልቅ ጥፋት ነው። ለሚቀጥለው ጭራቅ ሙዝ እንደሚኖር ቃል ገባሁና ፍለጋዬን አጠበቅኩ። በዚያ ቀን ያሳለፍኳቸውን ሸሚዞች የገዛ ሰው ካለ ይቅር ይበለኝ።

የሚሆነውን ያገኘሁት ሐሙስ፣ የሠራተኛ ሰርቪስ ውስጥ ቆሜ እየሄድኩ ነው። አሥራ ሁለት ገጽ ብቻ። ጸሐፊው ማን እንደሆነ እንኳን አልተጻፈበትም። ከአሥራ ሁለቱ ገጽ አንድ አንቀጽ ያዘኝ። ዳይሱ ሲከፋ አጫዋቹ አይፈርድም ይላል፤ ተጫዋቹን ሰውህ ምን አጣ ብሎ ይጠይቀዋል። ተጫዋቹም ራሱ ይናገራል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ጋሽ በቀለ መጀመሪያ ተቃወመ። እንደዚህ ከሆነማ ሁሉም መሐረብ ጠፋብኝ እያለ ያልፋል፣ ይሄ ደንብ ነው ወይስ ልመና አለ። ሆዳን ግን ሰው ያጣውን ነገር ሲጠየቅ እንደዚያ አይዋሽም አለች። ጋሽ በቀለ ቬንትሌተሩን ሲያይ ቆየ። ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። ከዚያ ዳኮር አለ።

ቀሪው ችግር ቡርሃን ነበር። ሰውየው ሞቷል። ፉአድ ደግሞ ያለ ቡርሃን አይመጣም። ይህን የፈታው ያው የገደለው ጋሽ በቀለ ነው። አዲስ ደንብ ሲጸድቅ አሮጌው ይሻራል፣ በተሻረ ደንብ የሞተ ሰው ደግሞ አልሞተም ሲል አስረዳን። ይህን ለፉአድ ማን ይንገረው ስንባባል ባርኔጣውን አደረገ። በዚያ ፀሐይ በእግሩ መለዋወጫ ሱቁ ድረስ ሄደ። ይቅርታ መጠየቅ አልፈጠረበትምና አልጠየቀም። መኪና የሌለው ሰው አንድ ሻማ ገዛ፣ የመኪና ሻማ ማለቴ ነው። ሊወጣ ሲል ዘወር ብሎ፣ ቡርሃን በሕይወት አለ፣ እሁድ በዘጠኝ ሰዓት አለውና ወጣ።

ፉአድ መጣ። አራት ላይ የታጠፈውን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ በመዳፉ አስተካከለው። ሆዳን ሻይ ቀዳችለት፣ ዋሪያ፣ አንተ ሰው ማለቷ ነው፣ የት ጠፋህ ብቻ አለችው።

እኔ በበኩሌ ለዚያ ቀን በቂ ተዘጋጅቼ ነበር። በሠራሁት ዓለም ውስጥ አንድም ከፍታ አላስቀረሁም። ተራራ የለ፣ ገደል የለ፣ ወንዝ እንኳን ጥልቀት አልሰጠሁትም። ቅፍለቱ በለጥ ያለ ሜዳ ላይ መሄድ ጀመረ። ሄደ፣ ሄደ፣ አሁንም ሜዳ ነው። ሆዳን ማዛጋት ጀመረች። ጋሽ በቀለ ይሄ አገር ውሃው ወደየት ነው የሚፈሰው ሲል ጠየቀ። ፉአድ ግን ከወረቀቱ ቀና ብሎ አየኝ። ገብቶታል።

«ቁልቁለቱን የት አደረስሽው?»

የለም አልኩት። ድምፄ እንደ ሌባ ድምፅ ነበር።

«መልሺው» አለኝ። «መንገዱ በዚያ ነው።»

መለስኩት። ምን ላድርግ፣ እሱ ካለ። ጠመዝማዛው መጣ፣ መንገዱ ተናደ። ፉአድ ዳይሱን በመዳፉ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አገላበጠው። ጣለ። ሦስት።

ወፍራሙ መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ ያለቀለት ነገር ነው። ጋሽ በቀለ ጣቱን ወደ ምላሱ አንስቶ መልሶ አወረደው። እሱና ሆዳን እኔን አዩኝ፣ ደንቡ የሚለውን መጠየቅ የኔ ድርሻ ነውና።

«ቡርሃን ተርፏል» አልኩ። «ምን አጣ?»

ግመሎቹን ይላል ብዬ ነበር። ወይ ጭነቱን። ፉአድ ዳይሱን አንስቶ ወደኔ ገፋው።

«እንቅልፉን» አለ። «ዓይኑን በከደነ ቁጥር ይገለበጣል። ዓመት ከመንፈቁ ነው።»

ወገቡን አይደለም ያመመው። ያን ሁሉ ጊዜ በግ በልተን ጨርሰን የተውነው ነገር እሱ ዘንድ አላለቀም ነበር። ከዚያ ጋሽ በቀለ ጉሮሮውን ጠረገና አሥራ ሁለቱን ገጽ ወደራሱ ሳበ። የጠፋ ነገር እንዴት ይመለሳል የሚል አንቀጽ ፈለገ፤ አገኘ። ጓደኞቹ ሌላ ሥራቸውንና ተራቸውን ትተው አብረውት ከተቀመጡ ይመለሳል ይላል። አነበበውና ወረቀቱን አስቀመጠ። የኔ ወታደር የትም አይሄድም፣ እሱ ይጠብቃል፣ ቡርሃን ይተኛ አለ። ሆዳንም ነጋዴዋ ገበያዋን እንደምትዘጋ አስታወቀች። ሆዳን ገበያ ዘግታ አታውቅም፣ በጨዋታም ቢሆን።

ፉአድ ሀዬ አለ፣ እሺ ማለቱ ነው። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ በረንዳው ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ጋደም አለ፣ ወረቀቱ ደረቱ ላይ ነው። እኛም ደንቡ እንደሚያዘው አብረነው ተቀመጥን። ጥቂት ቆይቶ ሲያንኮራፋ ሰማን። እውነተኛ፣ የሹፌር ማንኮራፋት ነበር። ቅፍለቱ ላይ ሽፍታ ልልክ አስቤ የነበረ ቢሆንም እንዲህ ባለ ሰዓት ጫጫታ አያስፈልግም ብዬ ሽፍቶቹን ሙዝ ሻጮች አደረግኳቸው። ሆዳን በሹክሹክታ ተከራከረቻቸው። ጋሽ በቀለ ሄዶ ፎጣ አመጣና ጠረጴዛው ላይ አነጠፈው፣ ዳይሱ እንዳይንኳኳ። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ ፎጣ ላይ እየጣልን ተጫወትን።